ደም የነካው ቀንድ

አምስት ነበርን። የልጄ እጮኛ አባት ኦድቫር ከሁላችንም ፊት፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ ቆሞ ከጀርባ ቦርሳው ፔርሙዝ ያወጣ ነበር። እጮኛው ላርስ ከአባቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንድንቀመጥበት ብሎ ከወደቀ ግንድ ላይ በረዶውን በጓንቱ ይጠርጋል። ልጄ ሰናይት ከእኔ ጋር መነጋገር ስላልፈለገች ላርስ አጠገብ ቆማ ስልኳን ታያለች። የባለቤቴ የአጎት ልጅ አቶ ጌታሁን ከኋላ ቀርተው፣ አንድ እጃቸውን ጥድ ላይ አስደግፈው ጫማቸው ውስጥ የገባውን በረዶ ያራግፋሉ። እኔ ከመንገዱ ወጣ ብዬ፣ ከሰው ራቅ ለማለት፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ ቆሜ ነበር። ቀንዱን ያየሁት ከዚያ ሆኜ ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የምኖረው ኖርዌይ፣ ከዋናው ከተማ ዳር ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ፣ አራተኛ ደርብ ላይ ነው። ከቤቴ እስከ ጫካው በእግር ይደረሳል፤ ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ገብቼበት አላውቅም። ጫካ ጉዳይ ያለው ሰው የሚገባበት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እንጨት የሚቆርጥ ወይም ከብት የጠፋበት።

ባለቤቴ ተስፋዬ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ብሪን በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ገብቶ ዕቃ ሲደረድር ልቡ ቆመ። ያገኙት ከቀትር በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ተጣርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግረኝ ሰው አልተገኘም። እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ለበስኩ። ዓመቱ ሲሞላ የማኅበር ጓደኞቼ እንደ ደንቡ ነጭ ነጠላ ይዘው መጡ፤ ይበቃሻል፣ አውልቂ አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው። ነጠላውን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና በማግስቱ ጥቁሬን ለበስኩ። የነፍስ አባቴም መከሩኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ለሰናይት ግን እሺ አልበቃትም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአረጋውያን መኖሪያ ነርስ ናት። ሠርጓ ለሰኔ ተቆርጦ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ወጥ ቤቴ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ በጥቁር የምትመጪ ከሆነ ሠርጌ ላይ ባትገኚ ይሻለኛል።»

«ልጅ እናቷን እንዲህ ትላለች?»

«ምክንያትሽን ብትነግሪኝ አልልም። ለምን እንደማታወልቂው ንገሪኝና እተውሻለሁ።»

«የሚነገር ነገር የለም።»

«ሁልጊዜ የለም ነው መልስሽ።»

የሠርጉ ቀሚሴ የሚሰፋው አዲስ አበባ ስለሆነ ልኬ እስከ እሑድ መላክ ነበረበት። ጫካ የሄድነው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሰናይት ሜትሩን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ግን አልነካሁትም።

ላርስ «ቤተሰቦቻችን ይተዋወቁ» ሲል እኛ የገባን በእኛ ወግ ነው። አቶ ጌታሁን የሴት ወገን ሽማግሌ ነኝ ብለው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ የተወለወለ የቆዳ ጫማ አድርገው መጡ። እነሱ ዘንድ ግን መተዋወቅ ማለት ቱር ነው፤ ጫካ ውስጥ አብሮ መሄድ፣ እሳት አንድዶ መብላት፣ ብዙም ሳይነጋገሩ መመለስ። ኦድቫር ከፎቁ በር ላይ የአቶ ጌታሁንን ጫማ አየ። አቶ ጌታሁን ደግሞ የኦድቫርን ኮፍያ አዩ። ቀይ የሱፍ ኮፍያ ነው፤ አናቱ ላይ ነጭ የክር ኳስ አለው፤ ለራሱም ጠቦታል። ሰውየው ሰባ አልፎታል።

«የአማቻችን አባት ይሄ ነው?» አሉኝ አቶ ጌታሁን ጠጋ ብለው።

«ዝም ይበሉ፣ ይሰማል።»

«ቢሰማስ! አማርኛ የሚያውቅ አለ እንዴ?»

«ደህና ነህ፣ ጋሼ?» አለ ላርስ ከኋላቸው፣ በአማርኛ።

አቶ ጌታሁን ጫካው እስክንደርስ ድረስ አልተናገሩም።

መጋቢት መጨረሻ ነበር። አሮጌው በረዶ ቦታ ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ በዚያ ላይ ሲነጋ ስስ አዲስ በረዶ ጥሎበት ነበር። ቀንዱ በዚህ አዲስ በረዶ ላይ ተቀምጧል። የተከፈተ መዳፍ ይመስላል፤ ሦስት ጣት ያለው። ከአጠገቡ የትልቅ እንስሳ ኮቴ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጓንቴን የሚያክል፣ እየተከታተለ ወደ ጫካው ውስጥ ይገባል።

ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ከገመትኩት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ያሳደገን ከቀንድ ዋንጫና ማንኪያ እየሠራ ነው። ቀንድ አውቃለሁ። ቀንድ ውስጡ ክፍት ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ ውስጡ ያለው አጥንት እስኪለቅ ይቀመጣል፤ ከዚያ በእሳት ይለዝባል፣ ይቃናል፣ ይፋቃል። በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ ቀንድ ተቆልሎ አይቻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ባለቤቱ በሕይወት ያለ አንድም አልነበረም። ቀንድ ከራስ የሚለየው ከሞት በኋላ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው።

የያዝኩትን ገልብጬ ሥሩን አየሁ። ቀዳዳ የለውም። ጥቅጥቅ ያለ ድፍን አጥንት ነው። ሥሩ ሻካራ ሆኖ ደም ነክቶታል፤ ደሙም ገና አልደረቀም። ይህ የወለቀ ቀንድ ሳይሆን ከራስ ቅል የተሰበረ አጥንት ነው ብዬ ፈረድኩ። አዲሱ በረዶ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ዛሬ የሆነ ነገር ነው። ራሱ የተሰበረ እንስሳ ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

ለማንም አልተናገርኩም። ቀንዱን እንደያዝኩ ኮቴውን ተከትዬ መሄድ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለች ሰናይት።

መሄዴን ቀጠልኩ። ኦድቫር ቀንዱን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ። ፔርሙዙን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ያለ ምንም ጥያቄ ከኋላዬ መጣ። ላርስም ተከተለ። አቶ ጌታሁን ግንዱ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ሁላችንም ስንሄድ አይተው፣ «እንዴ! ሻዩስ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

መጀመሪያ ሁለት የደም ነጠብጣብ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምንም። ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው አልኩ በልቤ። ኮቴው አንድ ቦታ ጥድ ሥር ቆሞ ተርመስምሷል። እዚህ ሊወድቅ ነበር አልኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ በረዶው ውስጥ የተኛበት ጎድጓዳ አገኘሁ። እዚህ ተኝቶ ተነሥቷል፤ የሚቀጥለው ላይ አይነሣም አልኩ። የማየው ሁሉ ያሰብኩትን ይመሰክርልኝ ነበር።

ዳገቱን መውጣት ጀመርኩ። ከኋላዬ አቶ ጌታሁን ይሰማሉ፦ «አስካለ! ሽምግልና መጥቼ ነው እንጂ ዘመቻ አልመጣሁም! ጫማዬ እኮ አለቀ!» ላርስ ክንዳቸውን ይዞ እያወጣቸው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሄደናል። አልቆምኩም። በሆነ ቁጥቋጦ ሥር ዓይኑን ከፍቶ ብቻውን የሚጠብቅ ነገር አለ ብዬ አምኜ ነበር፤ ቆሜ ባርፍ ያችኑ ያረፍኩባትን ደቂቃ የምሰርቀው ከእሱ ነው።

ሰናይት ሮጣ ቀደመችኝና መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«አንድ እርምጃ አትሄጂም።»

«ልቀቂኝ።»

«ካልነገርሽኝ አለቅሽም። ምንድን ነው? ምን እየፈለግሽ ነው?»

«የለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።

«የሆነ ቦታ ወድቋል» አልኳት። «ብቻውን ነው። ሳይሞት እንድደርስ ነው።»

ቀንዱን አየች። ደሙን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ጥቁር መሐረቤንና ጥቁር ካፖርቴን።

«እማዬ…»

«ስንት ሰዓት እንደተኛ አላውቅም» አልኩ። «ተጣርቶ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያን ጠዋት እዚያው ቤት ሆኜ መጋረጃ ሳጥብ ነበር።»

ስለ እንስሳው እንዳልሆነ ገባት። ክንዴን በክንዷ ቆልፋ ከጎኔ ቆመችና «በቃ፣ አብረን እንፈልገው» አለችኝ። ኦድቫር ራቅ ብሎ ቆሞ የጥዶቹን ጫፍ ያያል። የአገሩ ሰዎች የሰው ወሬ ላለመስማት ሲፈልጉ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁል ስንመለከት ኦድቫር ድንገት እጁን አነሣ። ሁላችንም ቆምን።

ከታች ዛፍ የሌለበት ረግረግ ቦታ ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ኤልግ ቆሟል። ኤልግ የሚሉት የጫካ አጋዘን ነው፤ ቁመቱ ፈረስ ያክላል፣ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ። በራሱ ግራ በኩል አንድ ቀንድ አለው፤ እጄ ላይ ያለው ዓይነት፣ ሦስት ጣት ያለው መዳፍ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። በቀንዱ ፋንታ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ቦታ ብቻ ይታያል። በአንድ በኩል ስለከበደው ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጓል። ከቁጥቋጦው ቅርንጫፍ እየቀነጠበ ይበላል።

ቀና ብሎ አየን። እያኘከ ነው ያየን። ከዚያ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

አቶ ጌታሁን እያለከለኩ ደረሱ። ለሰናይት የነገርኳትን ከኋላ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ፣

«ይሄ ነው የሞተው?» አሉ።

ሰናይት አፏን ያዘች። እኔም በጓንቴ አፌን ያዝኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሳቅን አላውቅም፤ ድምፅ ሳናሰማ፣ አንዳችን የሌላውን ክንድ ይዘን። ኤልጉ እስኪጠግብ በላና እየተረማመደ ወደ ጥዶቹ ገባ።

እዚያው ዳገቱ ላይ እሳት ነደደ። ኦድቫር ከቦርሳው ቋሊማ አወጣ። ሁዳዴ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ሰናይት ጆሮዋ ቀላ፤ አቶ ጌታሁን ቋሊማውን ሲያዩ ቆይተው «እግዜር ያይልኛል» ብለው ብርቱካን አነሡ። እኔም ዳቦና ሻይ ያዝኩ።

«ታዲያ ሬሳ ስትፈልጊ ነበር?» አለኝ ኦድቫር በኖርዌይኛ። ላርስ ነግሮት ነበር።

«ያ» አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው።

«እኔ እኮ ጥንዱን የምትፈልጊ መስሎኝ ነው። ሰው አንዱን ሲያገኝ ሁለተኛውን ይፈልጋል። ቃል ሳትተነፍስ አንድ ሰዓት ኮቴ ተከተለች፤ እንዲህ ያለ ፈላጊ አይቼ አላውቅም ብዬ ሳደንቅሽ ነበር።»

«እኛ አገር ቀንድ በሕይወት ካለ ከብት አይወልቅም» አልኩት። ስለ አባቴ ነገርኩት፤ ስለ ዋንጫው፣ ቀንድ ውስጡ ክፍት ስለመሆኑ። «የበሬ ቀንድ ከተሰበረ ተሰበረ ነው። አይተካም።»

በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ጡጫውን ጨብጦ ግንባሩ ላይ አደረገ።

«የዚህ በየዓመቱ ነው» አለ። «አሁን ይጥለዋል። ትልልቆቹ በታኅሣሥ ይጥላሉ፤ ይህ ጎረምሳ ስለሆነ ዘግይቷል። ቁስሉ ቅርፊት ይይዛል። ሙቀቱ ሲመጣ ከዚያው ቦታ አዲስ ይወጣል፤ ለስላሳ ጸጉር ባለው ቆዳ ተሸፍኖ። ያን ጊዜ ውስጡ ደም ይዘዋወራል፤ ብትነኪው ይሞቃል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደሙ ይቆማል፣ ቆዳው ይደርቃል፤ ከዛፍ ጋር እያሸ ይገፈዋል። ከዚያ ወዲያ ተሸክሞት የሚዞረው የሞተ አጥንት ነው።»

«የሞተ?»

«ያ። ይዋጋበታል፣ ይኮራበታል፤ ግን የሞተ ነው። በኋላ ሥሩ ላይ ያለውን አጥንት ሰውነቱ ራሱ ቀስ ብሎ ይበላውና አንድ ጠዋት ይወድቃል።»

«ያመዋል?»

እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ። «አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም። ሲበላ ግን አይተነዋል።»

አቶ ጌታሁን ብርቱካናቸውን ጨርሰው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያስጨነቃቸውን ነገር መያዝ አልቻሉም፤ በተሰባበረ ኖርዌይኛቸው፣

«ይቅርታ ኦድቫር፤ ይሄ ኮፍያ የሴት አይደለም እንዴ?» አሉት።

«ጋሼ!» አለች ሰናይት።

«ያ፣ የሴት ነው» አለ ኦድቫር። አልተቀየመም። አናቱ ላይ ያለውን ነጭ ኳስ በጣቱ ነካ አደረገው። «የባለቤቴ ነው። ራሷ ነች የሠራችው። ከሞተች ሦስት ዓመቷ። መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ማንንም አያሞቅም።»

አቶ ጌታሁን አንገታቸውን ደፉ። ቀጥለው ከረባታቸውን አላልተው ፈቱትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ኦድቫር ሁለተኛ ሻይ ቀዳላቸው። ሽምግልናው ያን ጊዜ ያለቀ ይመስለኛል።

ስንነሣ ቀንዱን መሬት ላላስቀምጠው ብዬ ለኦድቫር ዘረጋሁለት። «ኔይ፣ አይሆንም፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ኮት መስቀያ ይሆንሻል» አሉ አቶ ጌታሁን። «በልቶ ለጨረሰው ጫማዬ ካሳ መሆኑ ነው።»

ቤት ስንገባ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰናይት አላየሁም ብላ ውኃ ልትጥድ ወጥ ቤት ገባች። ካፖርቴን አወለቅሁ፤ መሐረቤንም ፈታሁ።

«ሰናይት፣ ነይና ለኪኝ።»

መጥታ ቆመች። «እጅሽን አንሺ» አለችኝ። ደረቴን፣ ወገቤን፣ የእጄን ርዝመት ለካች፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች። አንዱን ቁጥር ተሳስታ ሁለት ጊዜ ለካችው።

አንባቢዎቼ፣ ኤልግ አይታ ሐዘኗን ጣለች ብላችሁ እንዳትረዱኝ። እንስሳ እንስሳ ነው፤ ለእኔ ምሳሌ ሊሆን አይደለም ቀንዱን የጣለው። በኋላ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሼ ኦድቫር ያለውን ሁሉ አነበብኩ፤ ልክ ነበር። እዚያው እንዳነበብኩት ጫካ ውስጥ የቀረውን ቀንድ አይጦች እየፋቁ ይበሉታል። ይህንንም የጻፍኩት አንድ ነገር ስላወቅሁ ብቻ ነው፤ ትርጉም አልሰጠሁትም።

እኔ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ሞት አየሁ። ደሙን፣ ኮቴውን፣ የተኛበትን ጎድጓዳ አይቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። የሚጎድለኝ ሬሳው ብቻ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ቀንድ አውቃለሁ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ግን ቁርሱን እየበላ አገኘሁት።

ስለ ተስፋዬ የማውቀውስ ምንድን ነው? አንድ ወለልና አንድ ቅዳሜ ብቻ። ሌላውን ሁሉ፣ ጥሪውን፣ ጥበቃውን፣ በሩን እያየ መቅረቱን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምናልባት እንዳሰብኩት ነበር። ምናልባት ደግሞ ከመቅጽበት ነበር፤ ልብ ሲቆም እንደዚያም ይሆናል አለችኝ ሰናይት፣ ስጠይቃት። ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዎች አይታለች። ሰባት ዓመት ነርስ ልጅ አጠገቤ እያለች ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አሁንም ቢሆን አላውቅም። ግን አለማወቄን አወቅሁ፤ ለእኔ ይህ ትንሽ አይደለም።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ይኖር ይሆናል፤ «የሚነገር ነገር የለም» የሚል። ጠይቁት አልልም። እኔን ብዙ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ብቻ፣ አንድ ቀን ምንም ሳይናገር ተነሥቶ መሄድ ከጀመረ፣ ከኋላው ሂዱ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቀደም ብዬ ተነሣሁ። ቀሚሱ በልኬ ነበር። ነጭ ነው፤ ጥለቱ ሰማያዊ። ከመሳቢያው የማኅበር ጓደኞቼ ያመጡልኝን ነጠላ አወጣሁ፤ እጥፋቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ ቢሆንም ለበስኩት። የተስፋዬን የእጅ ሰዓት ባትሪ አስቀይሬለት ነበር፤ ለእጄ ሰፋ፣ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ጠበቅ አደረግሁት። ላርስ ቀንዱን መግቢያው ግድግዳ ላይ በብሎን አስሮልኛል። ከሦስቱ ጣቶች በአንዱ ላይ ቁልፌ ይንጠለጠላል።

ከታች የመኪና ጡሩንባ ሰማሁ። ቀጥሎ የአቶ ጌታሁን ድምፅ፦ «አስካለ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

ጥቁር መሐረቤን አጥፌ ከቀንዱ ላይ ሰቀልኩት። ቁልፌን አነሣሁና ወጣሁ።